ለማምረቻ ማሽን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ዕቁብ፣ ማይክሮፋይናንስ፣ ባንክ፣ ሊዝና ሽርክና በጎንደር ጀማሪ አምራች ዓይን

ጎንደር ላይ ትንሽ ማምረቻ ለመክፈት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መቅደም የለበትም። ጀማሪን ብዙ ጊዜ የሚጥለው የወለዱ መብዛት አይደለም፤ ዕዳው የሚከፈልበት ቀንና ሽያጩ የሚገባበት ቀን አለመገናኘታቸው ነው። በ12 በመቶ ተበድሮ የሚዘጋ አለ፤ በ20 በመቶ ተበድሮ የሚያድግም አለ። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምናወዳድረው በወለድ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ መቼ ይገባል፣ እንዴት ይመለሳል፣ ነገር ሲበላሽስ ማን ምን ይወስዳል የሚሉትን ጭምር እናያለን።

ለንጽጽሩ የያዝነው ሥራ

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሥራ እንያዝ፦ የኑግና የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ። ጎንደር የመተማና የሁመራ ሰሊጥ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም መጋዘን አለው። ጥሬ ዕቃው ደጃፍ ላይ ነው ማለት ነው። ከታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ስለሆኑ በዕለቱ ዋጋ ተክተው ያስሉ።

በሰዓት 100 ኪሎ ገደማ የሚጨምቅ፣ 5.5 ኪሎዋት ሞተር ያለው ማሽን 600,000 ብር ይሁን። ማጣሪያው፣ ዘይቱ የሚጠልልበት በርሜል፣ የስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ መብራት) መስመሩና የማሽኑ መሠረት 150,000 ይፍጁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያስባል። ጥሬ ዕቃው ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። ማሽኑ በቀን 3 ሰዓት ብቻ ቢሠራ በ25 ቀን 75 ኩንታል ይበላል። ኪሎው በ100 ብር ቢገዛ የወሩ እህል 750,000 ብር ነው፤ ከማሽኑ ዋጋ ይበልጣል። ዘይቱና ፋጉሎው (ዘይቱ ወጥቶ የሚቀረው) በ15 ቀን ተሸጦ ገንዘቡ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ በእጅ መኖር ያለበት 375,000 ብር ነው። ለብልሽትና ለመብራት መጥፋት መጠባበቂያ 75,000 ሲጨመርበት ጠቅላላው 1,200,000 ብር ይሆናል፤ ማሽኑ የዚህ ግማሽ ነው።

ማሽኑን በብድር ገዝተው ጥሬ ዕቃ መግዣ ያጡ ሰዎች ሁለተኛ ብድር ፍለጋ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ብድር ደግሞ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ተበዳሪው ተጨንቆ ስለሚመጣ።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ገንዘቡ እጅ የሚገባበት ጊዜ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ይዞ ብድር ይጠብቅ የነበረ ሰው ማሽኑን በአሮጌው ዋጋ አላገኘውም። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ መዘግየት ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ሁለተኛው እውነተኛው ዋጋ ነው፦ ወለዱ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ መድኑ፣ በግዴታ የሚያዘው ቁጠባ ሁሉ ተደምሮ። ሦስተኛው መያዣው ነው፤ ሥራው ቢከስር የሚሄደው ማሽኑ ነው፣ ቤቱ ነው ወይስ የጎረቤት ዋስ ደመወዝ? አራተኛው ገንዘቡ ለምን ለምን ይፈቀዳል የሚለው ነው፤ ለማሽን ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ አለ፣ ኑግ ይግዙበት ግድ የሌለውም አለ።

አምስተኛውን ረዘም አድርገን እንየው፤ የአከፋፈሉ ወቅት ነው። ሰሊጥና ኑግ በብዛት የሚገባውና ዋጋው ረገብ የሚለው ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ነው፤ ገንዘብ በብዛት የሚወጣውም ያኔ ነው። ዘይት የሚፈለገው በጾም ነው፦ ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት፣ ከዚያ 55 ቀኑ ዓቢይ ጾም፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ስለዚህ ዘይት ጨማቂ ግንቦት ላይ ሽያጩ ሲቀዘቅዝ፣ በየወሩ እኩል የሚከፈለው ዕዳ ግን ከኅዳሩ አይቀንስለትም። የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእሱ ገበያ ሠርግ ነው፣ ሠርግ ደግሞ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ነው፣ በጾሙ ሥራው ይቀዘቅዛል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት የአከፋፈል ሠንጠረዥ መስጠት ትክክል አይደለም፤ ሠንጠረዡ እንዲስተካከል መጠየቅም ነውር የለበትም።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቆየው ግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋ እህል አይገባም፣ ገዢም አይመጣም። ስለዚህ ማንኛውንም ውል ሲያዩ «መንገድ ሁለት ወር ቢዘጋ ይህን ዕዳ ከምን እከፍላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ያጡለት ውል አይፈረምም።

ዕቁብ

ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ዋጋው ያለው ዕጣው በሚወጣበት ቀን ላይ ነው። 20 አባላት በወር 15,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ እንውሰድ፤ የአንዱ ዕጣ 300,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 285,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ19 ወር ይከፍላል። እንዲህ ያለ ብድር የትም የለም። መጨረሻ ላይ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ቆጥቧል። ዕቃ በዓመት 20 በመቶ ቢወደድ ዛሬ 300,000 ብር የሚሸጠው ዕቃ ከ20 ወር በኋላ 406,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ የመጨረሻው ዕጣ 106,000 ብር ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ዕጣ መግዛት ይመጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን አሁን የማይፈልገው ከሆነ ለሚቸኩለው ይለቅለታል። በ3ኛው ወር የወጣን ዕጣ 24,000 ብር ለባለዕጣው ሰጥተው ወሰዱ እንበል፤ የእርስዎ ተራ በ13ኛው ወር ነበር። እጅዎ የገባው 276,000 ነው፣ 10 ወር ቀድመው አግኝተውታል። ዋጋው በዓመት ሲሰላ ከ10 እስከ 11 በመቶ አካባቢ ነው። ከብዙ ብድሮች ይረክሳል። ለባለዕጣው የሚሰጡት 60,000 ከደረሰ ግን ሒሳቡ ከባንክ ያልፋል፤ ስለዚህ ዕቁብ ቤት ከመሄድዎ በፊት ጣሪያዎን ቁርጥ አድርገው ይወስኑ። እዚያው ሰው ፊት በፉክክር መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው።

የዕቁብ ጥንካሬም ድክመትም ሰዎቹ ናቸው። ዕጣ የሚወስድ ሁሉ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ የሚከፍል ሰው መሆኑን ዳኛውና ጸሐፊው ካላጣሩ ዕጣ በልቶ የሚጠፋ አይጠፋም። አባላቱ ሁሉ የአንድ ገበያ ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቅዳሜ ገበያ አንድ ተራ ላይ ያሉ ነጋዴዎች ብቻ የጣሉት ዕቁብ፣ ያ ተራ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይቀዘቅዛል። ደመወዝተኛ፣ ነጋዴና ሹፌር የተቀላቀሉበት ይሻላል። ደንቡ በጽሑፍ ይሁን፤ አባል ቢሞት ወይም ቢታሰር ዕጣው ለማን እንደሚሰጥ ሳይቀር።

ለማሽን መግዣ ዕቁብን ብቻውን አንመክርም፤ ቀኑ አይታወቅማ። ለጥሬ ዕቃ ግን ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ለምን እንደሚያውሉት የሚጠይቅ የለም።

ማይክሮፋይናንስ

የክልሉ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ ሌሎችም አነስተኛ የብድር ተቋማት አሉ። የጋራ ጠባያቸው ቤት የሌለውን ሰው በቡድን ዋስትና ወይም በደመወዝተኛ ዋስ ማበደራቸው ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ በር ነው።

መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ወለዱ የሚሰላው በመነሻው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? 300,000 ብር በ18 በመቶ ለ24 ወር ይበደሩ። ስሌቱ በመነሻው ብድር ላይ ከሆነ ወለዱ 108,000 ነው፣ የወሩ ክፍያ 17,000 ይሆናል። በቀሪው ዕዳ ላይ ከሆነ የወሩ ክፍያ 14,977 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ 59,450 ገደማ ነው። ሁለቱም «18 በመቶ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ግን 48,500 ብር ያህል ነው። የመጀመሪያው በቀሪ ዕዳ ስሌት ሲተረጎም 31 በመቶ ያልፋል፤ ምክንያቱም ከፍለው የጨረሱት ገንዘብ ላይም ወለድ እየተቆጠረብዎት ነው።

ከዚህ ላይ የግዴታ ቁጠባ አለ። ከ300,000 ውስጥ 10 በመቶ ቢያዝ እጅዎ የሚገባው 270,000 ነው፤ ወለዱ ግን በ300,000 ይሰላል። ስለዚህ ቢሮ ሲሄዱ ስለ ወለድ መቶኛ አይከራከሩ። «በየወሩ የምከፍለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሠንጠረዥ አትሙልኝ፤ ዛሬ እጄ የሚገባውንም በቁጥር ጻፉልኝ» ይበሉ። እነዚህ ሁለቱ በእጅዎ ካሉ ማንኛውንም ብድር ከማንኛውም ጋር ማወዳደር ይችላሉ።

በቡድን ዋስትና ሲበደሩ የባልደረባዎ ዕዳ የእርስዎም ነው። አምስት ሰው ተሰብስቦ አንዱ ቢጠፋ አራቱ ይከፍላሉ። ቡድን የሚመረጠው በጓደኝነት ሳይሆን የሥራቸውን ገቢ አይቶ ነው።

የባንክ ብድር በቤት መያዣ

በቀሪ ዕዳ የሚሰላ ወለድና ረዘም ያለ የመክፈያ ጊዜ ስላለው፣ ቤትና የሽያጭ መዝገብ ላለው ሰው በወር የሚከፈለው ትንሽ ነው። 780,000 ብር በ18 በመቶ ለ48 ወር ሲወሰድ የወሩ ክፍያ 22,900 ብር ገደማ ነው።

ካርታው በስምዎ ሊሆን ይገባል፤ ባለትዳር ከሆኑ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የባንኩ መሐንዲስ የሚሰጠው ግምት ከገበያው ዋጋ ዝቅ ይላል፣ ባንኩም ከግምቱ የተወሰነውን ብቻ ያበድራል፤ ስለዚህ «ቤቴ ሦስት ሚሊዮን ያወጣል» ብሎ ዕቅድ መሥራት ያሳስታል። ግምቱ ሳይወጣ ለማሽን ቀብድ አይክፈሉ።

ባንኩ ዝግጁ ሆኖም ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ነሐሴ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ ጣለ፤ ገደቡ በኋላ ከፍ ቢልም ትምህርቱ ይሠራል። ማመልከቻዎን የበጀት ዓመቱ ሲጀምር፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያስገቡ፤ ከጥቅምቱ እህል በፊት ለመድረስም የሚመቸው ይኸው ጊዜ ነው።

ስለ መያዣው ግልጽ እንሁን። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው ሳይከፈለው ሲቀር፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። 30 ቀን አጭር ነው። ልጆች የሚኖሩበትን ብቸኛ ቤት፣ ገና ገበያው ላልተፈተነ ሥራ ማስያዝ ተገቢ ነው ብለን አናምንም። ሁለት ዓመት የሠራና የሽያጭ ደረሰኝ ያለው ሰው ለማስፋፊያ ቢያስይዝ ሌላ ነገር ነው። ቤት የሌለው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን ይወቅ፤ ማሽን፣ ተሽከርካሪና በመጋዘን ያለ ምርት ጭምር በዋስትና እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ቅርንጫፉ «አንሠራበትም» ቢል ሌላ ባንክ ይሞክሩ።

የማሽን ሊዝ

ሊዝ ማለት ገንዘብ ሰጪው ማሽኑን ራሱ ገዝቶ ያከራይዎታል፣ ኪራዩ ተከፍሎ ሲያልቅ የእርስዎ ይሆናል ማለት ነው። መሠረቱ የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ነው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ሲሠራ የቆየው 20 በመቶውን ተከራዩ፣ 80 በመቶውን ባንኩ በሚሸፍኑበት መንገድ ነው። በአማራ ክልል ለአነስተኛ አምራቾች የተቋቋመው ደግሞ ዋልያ ካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ነው።

በምሳሌያችን 600,000 ብር ለሚያወጣው ማሽን ከእርስዎ የሚጠበቀው 120,000 ነው። ዋናው ዋስትና ማሽኑ ራሱ ስለሆነ ቤት የሌለው ወጣት ሊገባበት ይችላል። ከስረው ቢያቆሙ ማሽኑ ይወሰዳል፣ የከፈሉት ይቀራል፤ ጎጆዎ ግን አይነካም። ለጀማሪ አምራች ይህ ልዩነት ከጥቂት የወለድ ነጥቦች ይበልጥብናል።

ችግሮቹም አሉ። ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጩ ስለሚከፈል ለእህል መግዣ አንድ ብር አይገኝበትም። ግዢው ፕሮፎርማ፣ ግምገማ፣ ርክክብ እያለ ወራት ይፈጃል። ከሁሉ የሚያስቆጨው የሚከተለው ነው፦ ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው «የዘይት መጭመቂያ ማሽን» ብቻ ይሆንና የሚመጣው ማሽን ለሱፍ ወይም ለኦቾሎኒ የተሠራ ይሆናል። ኑግ ደቃቅ ነው፤ በመጭመቂያው ቀለበቶች መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ፍሬው ሳይጨመቅ ከፋጉሎው ጋር ይወጣል። በእጅዎ ሲያሹት ፋጉሎው የሚያወዛ ከሆነ ዘይትዎ እዚያ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የዘሩ ዓይነት፣ በሰዓት የሚጨምቀው ኪሎ፣ የሞተሩ ኪሎዋትና ፌዝ፣ የመለዋወጫ ስክሩና ቀለበቶች ብዛት በስም ይጻፉ። ስክሩ (ፍሬውን እየገፋ የሚጨምቀው ጠመዝማዛ ብረት) እየተበላ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ከማሽኑ ጋር ይምጣ። የርክክብ ፊርማ ከማኖርዎ በፊት የራስዎን 50 ኪሎ ኑግ አስጨምቀው ዘይቱን ይመዝኑ።

ሁለተኛው ስሕተት መብራት ነው። ማሽኑ ደርሶ የስሪ ፌዝ መስመር ካልገባ የእፎይታ ጊዜው (ክፍያ የማይጠየቅበት የመጀመሪያ ጊዜ) ማሽኑ ቆሞ ያልቃል። የመብራት ማመልከቻው ከሊዝ ማመልከቻው ይቅደም።

ሽርክና

ገንዘብ ያለው ዘመድ ወይም ከመተማ እህል የሚያመጣ ነጋዴ በድርሻ ሊገባ ይችላል። ተመላሽ ክፍያ የለውም፣ ወለድም የለውም፤ ግን ሥራው ቢያድግ ከሁሉ ውድ ገንዘብ ይህ ነው፤ ከትርፉ ለዘለዓለም ይካፈላላ። ሽርካዎ እህል አቅራቢ ከሆነ የጥሬ ዕቃው ችግር አብሮ ስለሚፈታ እንደግፈዋለን።

በቃል አይጀመርም። ስም ሳያወጡ አብሮ መሥራት ወይም የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ አንዱ ላጠፋው ሌላው በግል ንብረቱ ሊጠየቅ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዕዳውን በማኅበሩ ንብረት ላይ ያቆመዋል። ብቻውን መሥራት የሚፈልግ ደግሞ በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ደመወዝ ከትርፍ ድርሻ ተለይቶ ይጻፍ። አንዱ ከጠዋት እስከ ማታ እየለፋ ሌላው ቤቱ ተቀምጦ እኩል ሲካፈል ሽርክናው ዓመት አይቆይም።

በአጭሩ የሚታዩት

ከወለድ ነጻ አገልግሎት ለሚፈልግ ሙራባሃ አለ፦ ባንኩ ማሽኑን ይገዛል፣ ትርፉን ጨምሮ በታወቀ ዋጋ በክፍያ ይሸጥልዎታል። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለሚቆረጥ ለማስላት ይቀላል፤ መያዣው ግን እንደ ባንክ ብድር ነው። ከእህል ነጋዴ በዱቤ መውሰድ ለአንድ ለሁለት ሳምንት ይጠቅማል፣ የዱቤውንና የእጅ በእጁን ዋጋ ልዩነት በኩንታል ይጻፉ። አራጣ በወንጀል ያስቀጣል፤ ከዚያም በላይ በወር የሚቆጠር ወለዱን የሚሸከም የዘይት ትርፍ የለም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ገንዘቡ የሚገባበት ጊዜ | እውነተኛ ዋጋ | ሲከስር የሚሄደው | የሚያገለግለው |
|---|---|---|---|---|
| ዕቁብ | በዕጣ፤ ዕጣ ከተገዛ ፈጥኖ | ወለድ የለም፤ የገንዘቡ ዋጋ መውረድና የዕጣ መግዣ | ዋሱና ስምዎ | ጥሬ ዕቃ |
| ማይክሮፋይናንስ | በአንጻሩ ፈጣን | ከተጻፈው ሊበልጥ ይችላል፤ የስሌቱን ዓይነት ይጠይቁ | የቡድን አባላት ወይም የዋስ ገንዘብ | አነስተኛ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃ |
| ባንክ በቤት መያዣ | ግምትና ውሳኔ ይጠብቃል | በቀሪ ዕዳ፤ መካከለኛ | ቤት | ማስፋፊያ |
| የማሽን ሊዝ | ወራት | መካከለኛ፤ 20 በመቶ ከራስ | ማሽኑና የተከፈለው | ማሽን ብቻ |
| ሽርክና | እንደ ስምምነቱ | የትርፍ ድርሻ | የተዋጣው ገንዘብ | ማናቸውም |

ለየትኛው አቅም የትኛው?

በእጅዎ ከ150,000 ብር በታች ካለ ማሽን አይግዙ። ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ከሌላ ሰው መጭመቂያ ጋር ተስማምተው የራስዎን ኑግ ያስጨምቁ፣ በራስዎ ጄሪካን ይሽጡ፣ ዕቁብ ይጀምሩ። ገበያው እንዳለዎት የሚያውቁት ያኔ ነው። ከዘንባባ ዘይት ጋር በሊትር ዋጋ አይወዳደሩ፣ አይችሉም፤ ደንበኛዎ ንጹሕ ኑግ ፈልጎ ዋጋ የሚጨምረው ሰው ነው። 100 ኪሎ ጥሩ ኑግ 30 ኪሎ ያህል ዘይት ቢሰጥ በሊትር 33 ገደማ ነው፤ የዋጋ ስሌትዎ ከዚህ ይነሣ።

ከ350,000 እስከ 420,000 ብር ያለው፣ ቤት የሌለው ሰው ሊዝንና ዕቁብን ያጣምር። ከራሱ 120,000 ለሊዙ፣ 150,000 ለተከላው፣ 75,000 ለመጠባበቂያ፣ የቀረው፣ 420,000 ላለው 75,000፣ ለእህል፤ ከዕቁብ 300,000 ለእህል ይጨመራል። 480,000 ብሩ በ15 በመቶ ለ48 ወር ቢሆን ኪራዩ በወር 13,360 ነው፤ ከ15,000 ብር የዕቁብ ክፍያ ጋር 28,360። ይህን በ75 ኩንታል ቢያካፍሉት በኩንታል 378 ብር ይመጣል። መንገድ ወይም መብራት ሥራውን በግማሽ ቢቀንሰው 756 ብር ነው። ከአንድ ኩንታል የሚያተርፉት ከዚህ በታች ከሆነ ችግሩ የገንዘብ ምንጭ አይደለም፣ የሥራው መጠን ነው።

350,000 ብር ብቻ ያለውና ዕጣው ገና ያልወጣለት፣ በማስጨመቂያ ዋጋ ይጀምር፦ ገበሬውና የቤት እመቤቷ የራሳቸውን እህል ያመጣሉ፣ እንደ ወፍጮ ቤት በኪሎ ይከፍላሉ። የእህል መግዣ አያስፈልግም፤ ፋጉሎው ለጨማቂው እንዲቀር መስማማትም ይቻላል፣ ለወተት ላም አርቢዎች ይሸጣል።

ሁለት ዓመት የሠራ፣ ደረሰኝና የባንክ እንቅስቃሴ ያለው ሰው ባንክ ይሂድ፤ ግን ለጥቅምቱ እህል መግዣ እንጂ ለሁለተኛ ማሽን አይሁን። የመጀመሪያው ማሽን በቀን 8 ሰዓት ሳይሠራ ሁለተኛ መግዛት ዕዳ ማብዛት ነው። ሙያ እያለው ምንም ገንዘብ የሌለው ሽርካ ይፈልግ። 

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። ሰኔ ላይ የመብራት ማመልከቻ ያስገቡ፣ ቆጣሪ የሚተከልበትን ቦታ የኪራይ ውል ይዘው። ሐምሌ ላይ ከሦስት ሻጮች ዝርዝሩ የተሟላ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ፤ ዋጋው የሚጸናበት ቀን ስንት እንደሆነ እዩት። ነሐሴ ላይ ሊዙን ወይም ብድሩን ያመልክቱ፤ የመጀመሪያ ክፍያው ከጥር በፊት እንዳይጀምር የእፎይታ ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የግንቦትና የሰኔ ክፍያ ዝቅ ብሎ የታኅሣሥና የመጋቢቱ ከፍ እንዲልም ያቅርቡ። መስከረም ላይ ማሽኑን በ50 ኪሎ ይሞክሩ። ማሽኑ ቢዘገይ የጥቅምቱን እህል ገዝተው በደረቅ ቦታ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ደርድረው ይጠብቁ፤ እርጥብ ኑግ ይሻግታል፣ ማሽኑ ውስጥ ሲገባም ይለጠፋል፣ ሞተሩንም ያስጨንቃል።